ከተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ ጋር የሚበላ የሚለበልብ ሳልሳ፦ ባሕር ዳር ላይ ምኑን ከየት ልግዛ?

ጥያቄ፦ ለ6 ሰው የሚበቃ ሳልሳ ቤት ውስጥ መሥራት እፈልጋለሁ። የታሸገውን የቲማቲም ድልህ ማለቴ አይደለም፤ ሜክሲኮዎች ከጥሬ ቲማቲም፣ ከቃሪያ፣ ከሽንኩርትና ከሎሚ የሚሠሩትን ነው። ቲማቲሙን ከቅዳሜ ገበያ ልግዛ ከሱፐርማርኬት? ቃሪያ ይሻላል ሚጥሚጣ? በቢላ ነው በብሌንደር?

መልስ፦ እህቴ፣ ሳልሳን የሚያበላሸው ውሃ ስለሆነ ከቲማቲሙ ጀምሪ። ክቡና ሲጫኑት የሚፈርጠው ለወጥ ይሁን፤ አንቺ ረዘም ያለውን፣ ሥጋው ወፍራም የሆነውን ሮማ የሚባለውን ፈልጊ። ከገበያ ግዢ፣ በጠዋት፣ እየመረጥሽ። በመደብ የተደረደረውን እንዳለ ብታነሺ ከሥር ያለው የተጨፈለቀ ሊሆን ይችላል። ፍሪጅ ውስጥ የሰነበተ ቲማቲም ደግሞ ቀለሙ ቢያምርም መዓዛው ይጠፋል፤ ቤትም ወስደሽ ፍሪጅ አታስገቢው። በክረምት ውሃ የያዘና የተሰነጠቀ ስለሚበዛ 1 ኪሎ የሚበቃው 1 ኪሎ ተኩል ይፈልጋል።

አሠራሩ፦ 1 ኪሎውን ለሁለት ከፍለሽ ፍሬውንና ዝልግልጉን በማንኪያ አውጪ፤ ሥጋውን እንደ ሽምብራ አድቅቀሽ ክተፊ። 1 የሻይ ማንኪያ ጨው ነስንሰሽ ማጥለያ ላይ 20 ደቂቃ ተይው። ከሥር የሚጠራቀመውን ውሃ ስታዪ ለምን እንደምለፋ ይገባሻል፤ ይህ ካልወጣ ጨው ከነካው በኋላ ሳህኑ ላይ ይወጣል፣ ሳልሳውም ሾርባ ይሆናል። ከዚያ 1 ትልቅ ቀይ ሽንኩርት (ተከትፎ በቀዝቃዛ ውሃ የታጠበ፣ አለዚያ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል)፣ 5 ቃሪያና 2 ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት ጨምሪ። የሐበሻው ነጭ ሽንኩርት ትንሽ ቢሆንም ኃይለኛ ነው፤ 2 ይበቃል። ብሌንደር ለዚህ አትጠቀሚ፤ አየር ያስገባበትና አረፋማ፣ ሮዝ መልክ ያለው ነገር ይሆናል።

መልስ፦ ስለ ቃሪያው ልጨምር። ብዙ ሰው ፍሬውን አራግፎ «አሁን አያቃጥልም» ይላል። የሚያቃጥለው ግን ፍሬው የተሰቀለበት ነጩ ጅማት ነው፤ ፍሬው የሚያቃጥለው ከእሱ ስለተነካካ ነው። ቃሪያውን በቁመቱ ሰንጥቀሽ እዪው፦ ጅማቱ ወደ ቢጫ ካደላ ኃይለኛ ነው። ስለዚህ የ3ቱን ጅማት አውጪ፣ የ2ቱን ተይ፣ ቅመሺና ጨምሪ። ጥሬ ሚጥሚጣ ካገኘሽ ለዚህ ሁሉ 1 ፍሬ ይበቃል፤ ምላስን ይለበልባል እንጂ የቃሪያን ጣዕም አይሰጥም። እኔ ቃሪያውን እመርጣለሁ። እጅሽ ከተቃጠለ ውሃ ብቻ አያስለቅቀውም፤ መጀመሪያ ዘይት ቀቢው፣ ከዚያ በሳሙና ታጠቢ።

መልስ፦ በጥሬው ብቻ ለምን? ቲማቲሙን፣ ቃሪያውንና ነጭ ሽንኩርቱን ከነልጣጩ ዘይት በሌለው ምጣድ ላይ ጠብሰሽ ሞክሪው። ቃሪያው 5 ደቂቃ፣ ቲማቲሙ ቆዳው እዚህም እዚያም እስኪጠቁር 10 ወይም 12 ደቂቃ። መስኮት ክፈቺ፣ የቃሪያ ጭስ ያስላል። ይኼኛውን በሙቀጫ መውቀጥ ይሻላል። በብሌንደር ከሆነ ግን መጀመሪያ ይቀዝቅዝ፤ ትኩሱን ከድነሽ ብታስነሺው እንፋሎቱ ክዳኑን ያስፈነጥረዋል። 4 ወይም 5 ጊዜ ጫን ለቀቅ አድርገሽ አቁሚ።

መልስ፦ ሎሚው ላይ አትሰስቺ። ዘጌ በቡናው ብቻ ሳይሆን በሎሚውም ይታወቃልና የዘጌ መሆኑን ጠይቀሽ ግዢ፤ ቆዳው ቀጭን፣ ሲያነሡት ከበድ የሚል ይሁን። 3 ሎሚ ጨምቀሽ በመጨረሻ ጨምሪ፤ ልጣጩን አጥብቀሽ አትጭመቂ፣ ይመራል። አቼቶ ለማስቀመጥ ይረዳል እንጂ በጣዕም ሎሚን አይተካም። የድንብላል ቅጠል ከአትክልት ሻጮች ካጣሽ ፍሬውን ቆልተሽ አትጨምሪ፣ ጣዕሙ ሌላ ነው፤ 5 የበሶብላ ቅጠል ከዚያ ይሻላል።

መልስ፦ ጊዜ ለሌለው ዝግጁ ዳጣና አዋዜ አለ። አዋዜ የደረቅ በርበሬ ነው፣ ለአሳ ጥሩ ነው፣ ግን ሳልሳ አይሆንም። ዳጣ ይቀርበዋል፤ 1 የሾርባ ማንኪያ ዳጣ በ3 ማንኪያ ውሃው የወጣለት ቲማቲም ላይ ቀላቅለሽ ሎሚ ብትጨምሪበት ያስደስታል። ዳጣው ጨው ስላለው አንቺ ጨው አትጨምሪ። ኬቻፕ ግን ጣፋጭ ስለሆነ ይቅርብሽ።

አቀማመጡን በተመለከተ፦ ጥሬው ፍሪጅ ውስጥ 3 ቀን፣ የተጠበሰው 5 ቀን። መብራት ጠፍቶ ካደረ ይደፋ። በዘይት ሸፍኖ ከፍሪጅ ውጭ ማቆየት አደገኛ ነው፤ አየር በሌለበት ነጭ ሽንኩርት ውስጥ መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ሊያድግ ይችላል፣ በማሽተትም በማየትም አይታወቅም። ጠርሙስ ቀቅሎ ለወራት ማሸግም አልመክርም፤ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ለባሕር ወለል ከፍታ የተጻፈ የደቂቃ መጠን እዚህ አይበቃም። የሚተርፍ ካለ የተጠበሰውን ፍሪዘር ውስጥ አስገቢው፣ ዕቃው እስከ አፉ ሳይሞላ።

ስታቀርቢም ቆሮሶው ላይ አታፍሺው፤ ጎን ለጎን አድርጊው፣ አለዚያ የተጠበሰው ቆዳ ወዲያው ይለሰልሳል።