ክርክር፦ ወረቀቱ ላይ ሳይፈርም «አገኘሁ» ያለ ሰው ምዝገባው ይሰረዝ ወይስ ይታለፍ?

የቡድኑ አስተባባሪ
ለአዲሶች፦ ጂኦካሺንግ አንዱ በጂፒኤስ ነጥብ ላይ የደበቀውን ሳጥን ሌላው ፈልጎ፣ ውስጡ ባለው ወረቀት ላይ ፈርሞ፣ እዚያው የሚመልስበት ጨዋታ ነው። ሰሞኑን ሁለት ቅሬታ እየተደጋገመ ነው። አንደኛው ሳይፈርሙ፣ አንዳንዴም ከቤት ሳይወጡ መተግበሪያው ላይ «አገኘሁ» ስለሚሉ ሰዎች ነው። ሁለተኛው ብዙ የተለፋበትን ሳጥን በ4 የእንግሊዝኛ ፊደል፣ «ቲኤፍቲሲ» ብለው ስለሚያልፉ ነው፤ «ለሳጥኑ እናመሰግናለን» የሚለው ሲያጥር ማለት ነው። የሳጥኑ ባለቤት ስሙን ወረቀቱ ላይ ያጣውን ሰው ምዝገባ ይሰርዝ?

ሰሜን 38
ይሰረዝ። ምክንያቴ የቁጥር ፉክክር አይደለም። አንድ ሰው በሐሰት 5,000 ሳጥን አገኘሁ ቢል ከማንም ላይ የሚቀንሰው የለም። ጉዳቱ ሌላ ነው። «አገኘሁ» የሚለው ምዝገባ ለባለቤቱም ለሚቀጥለው ፈላጊም «ሳጥኑ በቦታው አለ» የሚል ምስክርነት ነው። ሳጥን ሲጠፋ ባለቤቱ የሚነቃው «አጣሁት» የሚሉ ምዝገባዎች ሲደራረቡ ነው። ሁለት ሰው «አጣሁት» ብሎ ሦስተኛው ሶፋው ላይ ሆኖ «አገኘሁ» ካለ፣ ባለቤቱ «ለካ አለ፤ ሰዎቹ በደንብ አልፈለጉም» ብሎ ይተወዋል። ከዚያ ወዲህ የሚመጣው ሁሉ ልጆቹን ይዞ ባዶ ግንድ ሲዳብስ ይውላል።

ደንቡም ግልጽ ነው፤ ሳጥን «ተገኘ» የሚባለው ወረቀቱ ከተፈረመ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 3 ቀን 2000 ዴቭ ኡልመር ኦሪገን ውስጥ ቢቨርክሪክ አጠገብ የመጀመሪያውን ባልዲ ሲደብቅ ውስጡ ደብተርና እርሳስ ነበሩበት። የአሜሪካ መንግሥት በጂፒኤስ ላይ ሆን ብሎ የሚጨምረውን ስህተት ካነሳ ገና አንድ ቀኑ ነበር። ፊርማ ኋላ የተጨመረ ጌጥ አይደለም።

ዝናብ ቻይ
ወንድሜ ሰሜን 38፣ ሐሳብህ ገብቶኛል፤ ግን ከመሰረዝህ በፊት ሳጥንህን እይ። ብዙ ጊዜ ስም የሚጠፋው ሰውየው ስላልፈረመ ሳይሆን ወረቀቱ ስለበሰበሰ ነው።

ጎማ ያለው፣ በአራት ጎን የሚቆለፍ የምግብ ዕቃ እንኳ ውሃ የሚያስገባበት መንገድ አለው። ወረቀቱ የሚገባበት የዚፕ ከረጢት ጫፍ ክዳኑና ጎማው መካከል ይቀረቀራል። ያቺ ስስ ላስቲክ ጎማው በደንብ እንዳይገጥም ታደርገዋለች፤ ዝናብ ሲመጣ ውሃው የከረጢቱን እጥፋት ይዞ ይሰርጋል፤ አንዴ ከገባ መውጫ የለውም። ከውጭ ሲያዩት ግጥም ብሎ የተዘጋ ነው፤ ውስጡ ያለው ወረቀት ግን ገንፎ ሆኗል። ከፈላጊ ሁሉ የሚጠበቀው ትልቁ ውለታ ከረጢቱን በጣት ወደ ውስጥ ገፍቶ፣ ክዳኑን አራቱንም ጎን ጠቅ እስኪል መዝጋት ነው።

የፎቶ ፊልም ማስቀመጫ ደግሞ ከነጭራሹ ዝናብ አይችልም። ትንሽ ሳጥን ካስፈለገ፣ የለስላሳ ጠርሙስ ከመነፋቱ በፊት ያለው ወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ ይሻላል፤ ክዳኑ የጠርሙስ ክዳን ነው፣ አጥብቆ ይይዛል። እርሳስም ይግባበት። የጄል እስክሪብቶ ቀለም በእርጥበት ይፈሳል፤ የእርሳስ ጽሑፍ ግን አይፈስም።

ሰሜን 38
እውነትዎን ነው፣ ጋሼ። ለተበላሸ ወረቀት ማንንም አልሰርዝም። ግን የሚነበብ ወረቀት ሲኖር ማጣራቱ ከባድ አይደለም። ወረቀቱን ሁለቱንም ገጽ ፎቶ ማንሳት፣ አዲስ ወረቀት መተካት፣ ከዚያ ቤት ገብቶ መተግበሪያው ላይ ያለውን ዝርዝር ከታች ወደ ላይ ከፎቶው ጋር ማመሳከር ነው። ቀኑ ብዙ ይናገራል፦ ሰውየው በመዘገበበት ዕለት ከእሱ በፊትና በኋላ የመጡት ፈርመው እሱ ብቻ ከሌለ፣ ጥርጣሬው ጠነከረ። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ቡድን ላይ ነው። አራት ሆነው መጥተው በአንድ የቡድን ስም ፈርመው፣ ኋላ እያንዳንዳቸው በየስማቸው የሚመዘግቡ አሉ። እነሱ ምዝገባቸው ላይ የቡድኑን ስም ቢጠቅሱ ማንም አይጠይቃቸውም።

ቀይ ኮምፓስ
እኔ ግን ሁሉን በአንድ ሚዛን ባንለካ እላለሁ። ኔቫዳ ውስጥ ራሼል በምትባለው መንደር በኩል የሚያልፈው 375ኛው መንገድ ላይ ያለው ዓይነት በመንገድ ዳር የተደረደረ የሳጥን ሰንሰለት ጨዋታው ሌላ ነው። በሁለት ሳጥን መካከል ቢያንስ 161 ሜትር ይሁን የሚለውን ደንብ ጠብቀው ነው የተደረደሩት፤ በአንድ ማይል እስከ 10 ሳጥን ማለት ነው። እዚያ የሚሄድ ሰው የሚፈልገው ከጓደኞቹ ጋር ቀኑን ሙሉ መሮጥን ነው። ማኅተም ተጠቅሞ ቢፈርም፣ ባለቤቱ ከፈቀደም የጠፋውን ቢተካ፣ ማን ተጎዳ?

እርሳስ
እህቴ ቀይ ኮምፓስ፣ ባለቤቱ በጽሑፍ ከፈቀደ ጣጣ የለውም። ችግሩ ልማዱ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሌላው መዛመቱ ነው። መኪና ውስጥ ቀድሞ የተፈረመ ሳጥን ይይዛሉ፤ አንደኛው ነጥብ ላይ እሱን ጥለው የነበረውን ያነሣሉ፤ እየነዱ ይፈርሙበትና ሁለተኛው ነጥብ ላይ ይጥሉታል፤ እንዲህ እያሉ እስከ መጨረሻው። በማግስቱ የአንዱ ሳጥን ወረቀት ሌላው ቦታ ተቀምጧል። ሰሜን 38 ያለው ማመሳከር ከዚያ በኋላ ከንቱ ነው።

ከሁሉም የከፋው ተተኪ ጥሎ መሄድ ነው። ሰውዬው ፈልጎ ያጣል፣ «ጠፍቷል» ብሎ ይወስናል፣ ከኪሱ የፊልም ማስቀመጫ አውጥቶ ያስቀምጥና «አገኘሁ» ይላል። ብዙ ጊዜ ግን ዋናው ሳጥን አልጠፋም። ለምሳሌ አስቸጋሪነቱ ከ5 ደረጃ 4 የሆነ፣ በአጥሩ ብሎን ተመስሎ የተሠራ ሳጥን ሊሆን ይችላል። አሁን ቦታው ላይ ሁለት ሳጥን አለ፤ ተከታዩ ሁሉ ቀላሉን አግኝቶ ባለ 4ቱን ፈታሁ ይላል። ባለቤቱ ለሳምንታት ቆርጦ፣ ሞርዶ፣ ቀለም ቀብቶ የሠራውን ማንም ሳያየው ይቀራል። ሌባ ሰርቆበት ሳይሆን፣ «ረዳሁህ» ባይ ቀብሮበት። ያጣ ሰው «አጣሁት» ይበል፤ ነውር የለበትም።

ወንዝ ዳር
ስለ ምስጋናውም እናውራ እንጂ። ባለቤቱ ዕቃ ይገዛል፣ ከመናፈሻው አስተዳደር ወይም ከመሬቱ ባለቤት ፈቃድ ይጠይቃል፣ ነጥቡን ደጋግሞ ይለካል፣ ገጹን ይጽፋል፣ ከዚያ ለዓመታት እየተመላለሰ ወረቀት ይቀይራል። በምላሹ የሚያገኘው ጽሑፍ ብቻ ነው። ያንን 40 ሳጥን ላይ የተለጠፈ አንድ ዓይነት አንቀጽ ሲያደርጉበት ውለታ ቢስነት ነው። ባለቤቶች ሳጥናቸውን አንሥተው ጨዋታውን የሚተዉት በዚህ ተሰላችተው ነው።

ቀይ ኮምፓስ
ምስጋና ግን በግድ አይወጣም። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከፊርማው ሌላ ግዴታ መጫን ተከልክሏል፤ ረጅም ጽሑፍ አልጻፈም ብሎ መሰረዝ አይቻልም። ደግሞ ብርድ ላይ ቆሞ በስልክ የሚጽፍ አለ፣ እንግሊዝኛው የማይቀናው አለ።

ወንዝ ዳር
ይሰረዝ አላልኩም። እንግሊዝኛው ካልቀና በአማርኛ ይጻፍ፤ ባለቤቱ ያስተረጉመዋል። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ አንዱ ሳጥኑ በምን ሁኔታ እንዳለ፣ አንዱ ቦታው ላይ ምን እንዳየ። «ወረቀቱ ደረቅ ነው፣ ግማሹ ሞልቷል፣ ከድልድዩ በላይ ጭቃ አለ» ከአሥር «ድንቅ ነው» ይበልጣል። ከፋይ አባላት በየ10 ግኝታቸው ለወደዱት ሳጥን የሚሰጡት አንድ የተወዳጅነት ነጥብ ያገኛሉ፤ ሳይሰጡ የሚያከማቹት ለምንድን ነው? ነጥቡ የሚቆጠረው ለባለቤቱ ሳጥን ነው።

እርሳስ
ትራቭል በግ የሚባለውንም ባለ ኮድ ሜዳሊያ አትርሱ። ሰው ገዝቶ፣ «ከተማ ለከተማ ይዙር» ብሎ ይለቀዋል፤ ያነሣው ሰው ቁልፍ መያዣው ላይ ያንጠለጥለዋል። ሌላው ደግሞ ሜዳሊያውን ሳያየው ኮዱን ከሰው ፎቶ ቀድቶ «አየሁት» ይላል። በ«ቲቢ» የሚጀምረው ቁጥር ለሁሉም የሚታይ ነው፤ ሜዳሊያው ላይ የተቀረጸው ግን ሚስጥር ነው። ፎቶ ስታነሡ በአውራ ጣት ሸፍኑት።

ዝናብ ቻይ
ለእረፍት ሀገር ቤት ገብታችሁ ሳጥን መደበቅ የምታስቡም አደራ። በቅርብ የሚከታተለው ሰው ከሌለ፣ አዲስ ሳጥን ይፋ ከመሆኑ በፊት የሚያየው ገምጋሚ አያሳልፈውም፤ ቢያልፍም ከአንድ ክረምት በኋላ በሰበሰ ማለት ነው፤ የሐሰት «አገኘሁ» የሚፈላው ደግሞ እንዲህ ባለቤት በሌለው ሳጥን ላይ ነው።

ወደ ጥያቄው ስመለስ፣ መሰረዙን አልቃወምም፤ ሳይጠይቁ መሰረዙን እንጂ። መጀመሪያ እንዲህ ብለህ ጻፍለት፦ «ሰላም። ወረቀቱን ስቀይር ስምህን አላገኘሁትም። በሌላ ስም ፈርመህ ይሆን? ወይም ፎቶ ካለህ ላክልኝ። በ7 ቀን ውስጥ ካልሰማሁ ምዝገባውን አነሣዋለሁ፤ ተመልሰህ ፈርመህ ብትመዘግብ ደስ ይለኛል።»

ሰሜን 38
ይህን እቀበላለሁ። ቀኑን ግን 14 እናድርገው፤ ጉዞ ላይ ያለ ሰው መልእክቱን ቶሎ ላያይ ይችላል።