የ2024 የማሞቂያ ሒሳብ፦ ጋዝ ረክሷል እየተባለ 660 ዩሮ ለምን ተጨመረብኝ?

ከፍራንክፈርት

ውድ የማኅበራችን አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ። በዚህ ሳምንት ከአከራዬ የ2024 (እ.ኤ.አ.) የማሞቂያና የሙቅ ውኃ ሒሳብ ደረሰኝ። ሕንፃችን የሚሞቀው በጋዝ ነው። በዓመቱ ውስጥ በየወሩ 85 ዩሮ በቅድሚያ ስከፍል ቆይቼ አሁን 660 ዩሮ እንድጨምር፣ ወርሃዊ ክፍያዬም ወደ 140 ከፍ እንዲል ተጠይቄአለሁ። ቤቴ 72 ካሬ ሜትር ነው፤ ከልጄ ጋር ቀኑን ሙሉ ውጭ ስለምንውል ከሳሎኑ በስተቀር ሌላውን ክፍል እምብዛም አላሞቅም። በዜና የምሰማው የጋዝ ዋጋ ከ2022 ጋር ሲነጻጸር እጅግ መውረዱን ነው። ደሴ ለምትኖረው እናቴ የበልግ ዝናብ ሳይገባ የቤቷን ቆርቆሮ እንደማስቀይርላት ቃል ገብቼላት ነበር፤ ገንዘቡ ይኸው ነው። እስከ ዲሴምበር 1 መክፈል አለብኝ። መክፈል ግዴታዬ ነውን? 140 ዩሮውንስ መቀበል አለብኝ?

ከሐኖቨር

እህቴ፣ ለ19 ዓመት በማሞቂያ ተከላና ጥገና ሥራ ላይ ስለቆየሁ ይህ ጥያቄ በየቤቱ ይገጥመኛል። በዜና የሚነገረው ነጋዴዎች በጅምላ የሚገበያዩበት ዋጋ ነው፤ ለቤት የሚደርሰው ሒሳብ ግን የመስመር ኪራይን፣ ግብርንና የካርቦን ክፍያን (ጋዝ ሲነድ ለሚወጣው ካርቦን የሚከፈለውን) ይጨምራል። አቅራቢዎችም ጋዙን ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በፊት በውል ስለሚገዙት፣ የገበያው መውረድ ቤታችን የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። በአንቺ ላይ የደረሰው ግን ከዚህም በላይ ነው። መንግሥት ለ80 በመቶው ፍጆታ ዋጋውን በኪሎዋት ሰዓት 12 ሳንቲም ላይ የገደበበት ድጎማ በ2023 መጨረሻ አበቃ፤ ወደ 7 በመቶ ወርዶ የነበረው የሽያጭ ግብር በኤፕሪል 2024 ወደ 19 ተመለሰ፤ የካርቦን ክፍያውም በዚያው ዓመት በቶን ከ30 ወደ 45 ዩሮ ከፍ አለ። ሦስቱም የወደቁት ሒሳቡ በእጅሽ ባለው ዓመት ላይ ስለሆነ፣ ያነደድሽው ጋዝ ሳይጨምር ክፍያሽ ሊጨምር ይችላል።

አሁን የምታደርጊውን ልንገርሽ። ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ የካርቦኑን ክፍያ አከራይና ተከራይ ይካፈሉታል፤ ሕንፃው ሙቀት የሚያባክን በሆነ መጠን የአከራዩ ድርሻ ይጨምራል፣ እስከ 95 በመቶም ይደርሳል። ይህ ክፍፍል በሒሳቡ ላይ ካልሰፈረ ከማሞቂያ ወጪሽ 3 በመቶ የመቀነስ መብት አለሽ። የጋዙን ደረሰኞች እንዲያሳዩሽም መጠየቅ ትችያለሽ፤ ለመቃወም ደግሞ ሒሳቡ ከደረሰሽ ጀምሮ 12 ወር አለሽ።

ከሮተርዳም

የወንድማችን ማብራሪያ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ትልቁን ምክንያት አልፎታል። የዋጋው መናወጥ የመጣው ከጋዝ ማከማቻው ሕግ ጭምር ነው። በ2022 የአውሮፓ ኅብረት አባል አገሮች ማከማቻዎቻቸውን እስከ ኖቬምበር 1 በዚያ ዓመት 80፣ ከዚያ በኋላ 90 በመቶ እንዲሞሉ ሲያስገድድ፣ ሻጩ ሁሉ ገዢው በማንኛውም ዋጋ እንደሚገዛ አወቀ። በኦገስት 2022 መጨረሻ በኔዘርላንዱ የቲቲኤፍ ገበያ አንድ ሜጋዋት ሰዓት ወደ 340 ዩሮ ደረሰ፤ ከቀውሱ በፊት 20 ገደማ ነበር። በዚያ ዋጋ ተገዝቶ የተከማቸው ጋዝ ኋላ ሲረክስ የተፈጠረውን ኪሳራ የጀርመን ሸማች ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ በማከማቻ መዋጮ ስም ሲከፍለው ኖሯል፤ እህታችንም ከከፋዮቹ አንዷ ናት። መዋጮው እንዲነሳ የተወሰነው ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ነው። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ በሞቃቱ ወራት የሚገዛው ጋዝ ከመጪው የብርድ ወራት ጋዝ በዋጋ በልጦ ተገኘ፤ ተወዶ ገዝቶ አርክሶ የሚሸጥ ነጋዴ የት አለ? ኅብረቱም ይህን አይቶ 90 በመቶውን ከኦክቶበር 1 እስከ ዲሴምበር 1 ባለው በማንኛውም ቀን ማሟላት ይበቃል ብሎ አላላው።

ከሐኖቨር

ወንድሜ፣ ሕግ ባይኖር ምን እንደሚሆን አይተነዋል። በታችኛው ሳክሶኒ ያለው የሬደን ማከማቻ 4 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ይይዛል፤ ያስተዳድረው የነበረው ከሩሲያው የጋዝ ኩባንያ ከጋዝፕሮም ጋር የተያያዘ ድርጅት ሲሆን፣ በ2021 ብርዱ ሲገባ ባዶ ሊባል የሚችል ነበር። ጎተራውን ባዶ አድርጎ ብርድን የሚጠብቅ ገበሬ የለም። ደግሞም ማከማቻ እንደ በርሜል አይደለም፤ ጋዙ እየቀነሰ ሲሄድ ግፊቱ ስለሚወድቅ በቀን የሚወጣው መጠን ያንሳል። በፌብሩዋሪ 30 በመቶ ቀርቷል ሲባል የሚያጽናና ይመስላል፤ ብርቱ ብርድ በመጣ ቀን ግን በቂ ላይሆን ይችላል። በጨው ውስጥ የተቆፈሩት ዋሻዎች ቶሎ ይሰጣሉ፤ እንደ ሬደን ያሉት የተሟጠጡ የጋዝ መሬቶች ግን ቀስ ብለው ነው የሚሰጡት።

ከሙኒክ

ልጄ፣ እኔ ስለ ገበያው ሳይሆን ስለ እናትሽ ቆርቆሮ ልናገር። በ2022 የብርድ ወራት ማሞቂያውን ዘግቼ በጋቢ ተጠቅልዬ ስቀመጥ፣ አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ደውላ ከሰል መወደዱን ነገረችኝ፤ የእኔን ብርድ ለእሷ መንገር ግን አፈርኩ። በጁላይ 2024 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የምንልከው ዩሮ በብር ሲመነዘር በዛ፤ የእህል የዘይቱ ዋጋም አብሮት ስለወጣ የቤተሰብ ጥያቄ አልቀነሰም። በሶማሌ ክልል ካሉብ ላይ ጋዝ ከተገኘ ሃምሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ የመጀመሪያው ምርት የተመረቀው በኦክቶበር 2025 ነው። ያ ሁሉ ዓመት እናቶቻችን ጭስ ውስጥ ሆነው እንጀራ ሲጋግሩ መኖራቸው ያቃጥለኛል። ለእናትሽ እውነቱን ንገሪያት፤ ሒሳብ እንደመጣብሽ ብታውቅ ቆርቆሮው እስከ ክረምት ይቆይ ትልሻለች። ሥራ ቢኖርሽም ክፍያው ካቃተሽ፣ በሚከፈልበት ወር ውስጥ ጆብ ሴንተር (የመንግሥት ድጎማ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት) ሄደሽ አመልክቺ፤ ድጎማ የማይቀበል ሰውም ለማሞቂያ ዕዳ እገዛ ሊያገኝ ይችላል፤ ወሩ ካለፈ ግን ይከብዳል።

ከሮተርዳም

እትዬ፣ ስለ ካሉብ ያሉት ልብ ይነካል። ለሐኖቨሩ ወንድሜ ግን አንድ ነገር ልጨምር። አውሮፓ ያጣችው ትልቁ ጎተራ በሕግ የሚሞላ አልነበረም፤ የኔዘርላንዱ የጋዝ መሬት ግሮኒንገን ነበር። ብርድ ሲበረታ ይከፈታል፣ ሲሞቅ ይዘጋል። መሬቱ እየተንቀጠቀጠ የሰው ቤት ስለሰነጠቀ በኦክቶበር 2023 ምርቱ ቆመ፤ መዘጋቱ ትክክል ነበር፤ ነገር ግን እሱን የሚተካ መለዋወጫ ስለሌለን ዛሬ ዋጋችን የሚወሰነው መርከብ ጭኖ በሚመጣው ፈሳሽ ጋዝና በአየሩ ብርድ ነው። ጀርመን ራሷ በ2025 ለአብዛኞቹ ማከማቻዎቿ ግዴታውን ወደ 70 በመቶ አውርዳለች፤ ይህ የእኔን ሐሳብ አይደግፍምን?

ከፍራንክፈርት

ለሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሒሳቡን ደግሜ አየሁት፤ የካርቦን ክፍፍል የሚል መስመር በየትኛውም ገጽ የለም። የዓመቱ የማሞቂያ ወጪዬ 1,680 ዩሮ ስለሆነ 3 በመቶው 50 ዩሮ ከ40 ሳንቲም ይሆናል። ለልጄ የጫማ ዋጋ ነውና ደብዳቤውን ዛሬ እጽፋለሁ። የተከራዮች ማኅበሩ ሚተርፈራይን ቀጠሮ የሰጠኝ ግን ዲሴምበር 9 ነው፤ ክፍያው ደግሞ ዲሴምበር 1። ስለ 140 ዩሮው እስካሁን የመለሰልኝ የለም።

ከሐኖቨር

የ70 በመቶው መውረድ ምን ማለት እንደሆነ በፌብሩዋሪ እንተያያለን፤ መለስተኛ የብርድ ወራት ካለፈ በኋላ ሕጉ አላስፈለገም ማለት፣ ቤት ያልተቃጠለበት ሰው ኢንሹራንሱን ሲያማርር እንደ መስማት ነው። እህቴ፣ 50 ዩሮውን ቀንሰሽ ቀሪውን ክፈይ፤ በማስተላለፊያው ላይ መብትሽን ጠብቀሽ እንደከፈልሽ ጻፊበት። 140ው የመጣው 660ውን ለ12 አካፍለው 55 ዩሮ በ85ቱ ላይ ደምረው ነው፤ ስለዚህ ሒሳቡ ከተስተካከለ እሱም አብሮ መስተካከል አለበት። የቀረውን በ9ኛው ቀን ጠይቂያቸው።