የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ማጥናት የማውቅ ይመስለኝ ነበር

የወረኢሉ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። ከወረኢሉ ወረዳ መጥቼ ደሴ ውስጥ በተፈጥሮ ሳይንስ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርቴን የጀመርሁ ተማሪ ነኝ። ከቤተሰባችን ከእኔ በፊት ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው የለም፤ ስለዚህ እናትና አባቴን ባማክራቸው «በርቺ፣ አላህ ያግዝሽ» ከማለት በቀር የሚነግሩኝ የላቸውም፤ እኔም እንዲጨነቁብኝ አልፈልግም።

ሁለተኛ ደረጃ ስማር ከክፍሌ አንደኛ ወይም ሁለተኛ እወጣ ነበር። የማጠናው ፈተና ሲቃረብ ነው፤ ደብተሬን ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሜ ካነበብሁት ይያዝልኝ ነበር። እዚህ ግን በስድስተኛው ሳምንት በተፈተንነው የሒሳብ ኩዊዝ ያገኘሁት ከ10 አራት ነው። ወረቀቱን ስቀበል አጥፌ ደብተሬ ውስጥ ከተትሁት፤ እስከ ዛሬ አልገለጥሁትም። ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ ስላይዱም ቶሎ ቶሎ ያልፋል፤ ለመጠየቅ ስፈልግ ዓረፍተ ነገሩን በልቤ ሳስተካክል ርእሱ ይቀየራል። ማታ ዶርም ስገባ ደግሞ ስድስት ነን፤ ስልኬን ስነካካ አምስት ሰዓት ይሆንና «ነገ እጀምራለሁ» ብዬ እተኛለሁ።

«ጠንክሪ» የሚለውን ምክር ብዙ ሰምቻለሁ። እኔን የቸገረኝ ጥንካሬው በስንት ሰዓት፣ የት ተቀምጦ፣ ምን እየተሠራ እንደሆነ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት የሚያሻግር ልማድ የትኛው ነው? ደግሞስ ይህ ውጤት ከመጣ ወዲህ «እኔ ለዚህ አልተፈጠርሁም» የሚለኝን ሐሳብ እንዴት አድርጌ ነው የምመልሰው?

የደላንታው፣ ሦስተኛ ዓመት

እኅቴ፣ አብሽሪ። መጀመሪያ ያንን የታጠፈ ወረቀት በቁጥር እንየው። ኩዊዙ ከመቶው የሚይዘው 10 ከሆነ፣ እስካሁን ያጣሽው ስድስት ነው፤ 90ው ገና አልተነካም። ወደ መጥፎው ብንወስደው እንኳ፣ በሴሚስተሩ እያንዳንዳቸው ሦስት ክሬዲት የሆኑ ስድስት ኮርሶች ወስደሽ በአምስቱ ቢ፣ በሒሳብ ሲ ብታገኚ ጂፒኤሽ (ከአራት የሚታሰበው አማካይ ውጤትሽ) 2.83 ይሆናል። ይህን የምነግርሽ እንድትዘናጊ አይደለም፤ በዓመቱ መጨረሻ ዲፓርትመንት የሚመደበው በውጤት ተወዳድሮ ስለሆነ እያንዳንዷ ነጥብ ታስፈልግሻለች። ፍርሃትሽ ግን ከነገሩ ልክ እንዳይበልጥ ብዬ ነው።

እኔን በመጀመሪያ ዓመቴ ያዳነኝ የዶርም ጓደኛዬ ነው። እሱ ለሱብሂ ሶላት 11 ሰዓት ገደማ ይነሣ ነበር። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ነገር ግን አልጋዬ በሩ አጠገብ ስለነበር እሱ ሲወጣ እነቃለሁ። አንድ ቀን «ከነቃሁ አይቀር» ብዬ ጋቢዬን ደርቤ፣ ደብተሬን ይዤ ወጣሁ። በማግስቱ እሱ ራሱ እግሬን ነካ አድርጎ ቀሰቀሰኝ፤ ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ አንድም ቀን የስልክ ማንቂያ አላስፈለገኝም።

ካፌው ለቁርስ እስኪከፈት ባለችው አንድ ሰዓት የምሠራው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ትናንት የተማርሁትን ደብተር ሳልገልጥ ባዶ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፤ ስጨርስ ሀንድአውቱን ገልጬ የጎደለውን በቀይ እስክሪብቶ እሞላለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ወረቀቴ ከሞላ ጎደል ቀይ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ያስለቅሳል። በአራተኛው ሳምንት ግን ሰማያዊው በለጠ። ሒሳብና ፊዚክስ ሲሆን ደግሞ መምህሩ የሠሩትን ምሳሌ በእጄ ሸፍኜ እንደገና ራሴ እሠራዋለሁ፤ ሌላ ሰው የሠራውን መልስ ወረቀት ላይ ሲያዩት የገባ ይመስላልና በዚህ አትታለዪ። ስልኩን ሎከር ውስጥ ቆልፈሽ ሂጂ፤ አጠገብሽ አድርገሽ ላለመንካት መታገል ጉልበት ይጨርሳል።

ዘግይቶ የተመለሰ

ወንድሜ የጻፈው ሁሉ ትክክል ነው። እኔ ስለ ታጠፈው ወረቀት ልጨምር፤ የእኔም መከራ የጀመረው ከእንዲህ ያለ ወረቀት ነውና።

በመጀመሪያ ዓመቴ በፊዚክስ ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) ከ30 ዘጠኝ አገኘሁ። ለጓደኞቼ «ደኅና ነው» አልሁ። አባቴ ሰኞ ባቲ ገበያ ፍየል ሸጦ ገንዘብ በላከልኝ ቁጥር ይደውልና «ትምህርቱ እንዴት ነው?» ይለኛል፤ እኔም «አልሐምዱሊላህ፣ ጥሩ ነው» እለው ነበር። አንዴ ከዋሸሁ በኋላ መምህሩን ፊት ለፊት ማየት አፈርሁ፤ ስለዚህ ወደ ኋላ ወንበር ሄድሁ፤ ከዚያ ክፍል መቅረት ጀመርሁ፤ ቲቶሪያል (የማጠናከሪያ ትምህርት) ሲዘጋጅም «ሰነፎቹ የሚሄዱበት ነው» እያልሁ ቀረሁ። በመጨረሻ ውጤቴ ከሁለት ነጥብ በታች ሆኖ ተባረርሁ። አባቴ የሰማው ሻንጣዬን ይዤ ደጃፍ ስደርስ ነው። አልተቆጣም፤ «ለምን ያኔ አልነገርኸኝም?» አለኝ። ከመባረሩ ይልቅ ይህች ቃል አሳመመችኝ።

ከአንድ ዓመት በኋላ እንደገና ተቀብለውኝ ስመለስ መጀመሪያ ያደረግሁት ያንን አሮጌ የፊዚክስ ወረቀት መግለጥ ነበር። ካጣሁት 21 ነጥብ አብዛኛው የሄደው በአንድ ርእስ፣ በቬክተር ነበር። ዓመት ያስከፈለኝ ነገር ሁለት ቀን ተቀምጬ ባጠናው የሚፈታ ነበር። ስለዚህ እኅቴ፣ ልማድ ልያዝ ካልሽ የመጀመሪያው ይህ ይሁን፦ የተመለሰ ወረቀት በተመለሰበት ቀን ይገለጥ፤ ከእያንዳንዱ የጠፋ ነጥብ ጎን ለምን እንደጠፋ በአንድ መስመር ይጻፍ። አለመግባት፣ መቸኮል፣ ጥያቄውን በትክክል አለማንበብ፣ እያንዳንዱ መድኃኒቱ ለየብቻ ነው።

በቡድን ማጥናትን በተመለከተ ብዙ ሰው ይመክረዋል፤ እኔ ግን እጠነቀቃለሁ። አምስት ሆነን የተቀመጥን ቀን የምናጠናው ሃያ ደቂቃ ነበር። ሁለት ስንሆንና አንዱ ለሌላው ለማስረዳት ተዘጋጅቶ ሲመጣ ግን በጣም ይጠቅማል።

መምህር (ሳይኮሎጂ)

ልጆቼ፣ ይህን ውይይት በደስታ ነው ያነበብሁት። የደላንታው ልጅ በራሱ የደረሰበት የባዶ ወረቀት ዘዴ በሙያችን በሚገባ የተፈተነ ነው። ሮዲገር እና ካርፒክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ ከተማሪዎች ከፊሎቹን አንድ ጽሑፍ ደጋግመው እንዲያነቡ፣ ከፊሎቹን ደግሞ አንብበው ያስታወሱትን ሳያዩ እንዲጽፉ አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ ሲጠየቁ ግን ከትውስታቸው የጻፉት በለጡ። ጠያቂዋ ልጄ «ማጥናት የማውቅ ይመስለኝ ነበር» ያለችው ከዚህ የመጣ ነው። ደጋግሞ ማንበብ ለነገ ጠዋት ፈተና ያደርሳል፤ ከሳምንታት በኋላ ለሚመጣ ፋይናል ግን ይከዳል፤ የማያውቁትንም ያወቁ ያስመስላል።

ልማድ ስንት ጊዜ ይፈጃል ለሚለው፣ ሎንዶን ውስጥ በፊሊፓ ላሊ መሪነት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት አለ። ሰዎች አንድን ትንሽ ተግባር በየቀኑ ከተወሰነ ነገር ጋር አያይዘው፣ ለምሳሌ ከቁርስ በኋላ፣ እንዲፈጽሙ ተደረገ። ሳያስቡት ማድረግ እስኪጀምሩ በአማካይ 66 ቀን ወሰደባቸው፤ የሰው ልዩነት ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይደርሳል። ከሁሉ የምወደው ግን ሌላውን ግኝት ነው፤ አንድ ቀን መሳት ልማዱን አላፈረሰውም። ብዙ ተማሪዎቼ ሰኞ ጀምረው ሐሙስ አንድ ቀን ሲቀርባቸው «በቃ፣ አልቻልሁም» ብለው የሚተዉት ይህን ባለማወቅ ነው። ያ የሱብሂ ሰዓት የሠራውም ለዚህ ነው፤ ጥናቱ በየቀኑ በማይቀር ነገር ላይ ታሰረ።

«ለዚህ አልተፈጠርሁም» ለሚለው ሐሳብ እኔ የምመልሰው በጥያቄ ነው፦ የትኛው እርምጃ ላይ ነው የጠፋሽው? የመጀመሪያው አነጋገር በር ይዘጋል፤ ጥያቄው ግን የሚሠራ ነገር ይሰጥሻል። መምህርሽ ቢሮ ሄደሽ ጠይቂ፤ በእንግሊዝኛ መናገር ካስቸገረሽ ጥያቄሽን ቀድመሽ በወረቀት ጽፈሽ ያዢ፤ በአማርኛ ብትጠይቂም የሚያሳፍር አይደለም። አንድ ተማሪ የተጻፈ ጥያቄ ይዞ ቢሮዬ ሲመጣ ደስ ይለኛል፤ ባዶ እጁን መጥቶ «ምንም አልገባኝም» ሲለኝ ግን ከየት እንደምጀምር ይጠፋኛል።

ነርስ፣ ወልድያ

የኔ እኅት፣ ሌሎቹ ያላነሡትን ባጭሩ ልበል። በሱብሂ መነሣት የሚቻለው ማታ በአራት ሰዓት ከተተኛ ነው፤ እንቅልፍ ሳይጠግቡ ቢነሡ ዕውቀት አይገባም። የደሴ ብርድ ደግሞ ከአልጋ አያስወጣም፤ ወፍራም ካልሲ ግዢ። የሴት ተማሪዎች ቲቶሪያል በግቢሽ መኖሩን የሥርዓተ ፆታ ክፍሉን ጠይቂ፤ እኔ ሒሳብን የተረዳሁት እዚያ ነው።

የወረኢሉ ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ዘግይቼ የመለስሁት አንድ ነገር ሠርቼ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ወረቀቱን ባለፈው እሑድ ገለጥሁት። ኩዊዙ ስለ ሎጂክ ነበር። ካጣሁት ስድስት ነጥብ አምስቱ የጠፋው አንዱን ስሕተት ደጋግሜ ስለሠራሁ ነው። «ፒ ከሆነ ኪው» የሚለው ዓረፍተ ነገር (ፒና ኪው የሁለት ዓረፍተ ነገሮች ምትክ ናቸው) ፒ ሐሰት ሲሆን ሁልጊዜ እውነት ነው፤ እኔ ግን በየሠንጠረዡ ሐሰት ብዬ ሞልቼዋለሁ። ለምን እንደሆነ ግን ያኔም አልገባኝም ነበርና ጥያቄውን በአማርኛ ጽፌ ማክሰኞ መምህሬ ቢሮ ሄድሁ። በሩ ላይ ቆሜ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ፤ በሦስተኛው አንኳኳሁ።

መምህሬ ወረቀቴን አነበቡትና «ዝናብ ከጣለ ጃንጥላ ይዤ እመጣለሁ ብዬሽ ዝናብ ባይጥል፣ ጃንጥላ ይዤ ብመጣስ ባልመጣስ ዋሽቻለሁ?» አሉኝ። አልዋሹም። የዋሹ የሚባሉት ዝናብ ጥሎ ጃንጥላ ሳይዙ ከመጡ ብቻ ነው። ሠንጠረዡን እዚያው ጠረጴዛቸው ላይ ሞላሁት፤ አሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ስወጣ «ለሚዱ ሳምንት ሲቀረው እንዲሁ ጽፈሽ ነይ» አሉኝ።

ለእናቴም ደውዬ ከ10 አራት ማግኘቴን ነገርኋት። «ታዲያ ስድስቱን የት አደረግሽው?» ብላ ሣቀች። እኛ ዶርም ለሱብሂ የምንነሣው ሁለት ነን፤ ከሰገድን በኋላ ወደ አልጋ እንመለስ ነበር፤ ከረቡዕ ጀምሮ ግን አንመለስም። የሦስት ቀን ወረቀት አለኝ፤ ሦስቱም ቀይ ናቸው።