ክሎሪኑ ከ30 ደቂቃ በኋላ ይጠፋብናል፤ ምን እናድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ውስጥ ከአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ጋር የምንሠራ በጎ ፈቃደኛ ተማሪዎች ነን። ቧንቧ የሌላቸው ቤተሰቦች የምንጭ ውሃን በበረኪና እንዲያክሙ እናሳያለን።

ስሌታችን ይህ ነው፦ በረኪናው 5 በመቶ ክሎሪን ካለው፣ ለ20 ሊትር ጀሪካን 0.8 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ወደ 16 ጠብታ፣ በሊትር 2 ሚሊ ግራም ክሎሪን ይሰጣል። ለደፈረሰ ውሃ እጥፉን። ከ30 ደቂቃ በኋላ በዲፒዲ ክኒን (ክሎሪን ካለ ውሃውን ሮዝ በሚያደርግ መለኪያ) ስንለካ ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም በሊትር መቅረት አለበት።

በበጋ ይሠራ ነበር። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ግን እጥፍ ጨምረንም ውሃው ሮዝ አይሆንም። አንዱ ጥርጣሬያችን ጭቃውና የቅጠል ብስባሹ ክሎሪኑን እየጨረሰው ነው የሚል ነው፤ ውሃውን የምናጣራበት በአራት የታጠፈ ነጠላ ደቃቁን አፈር አያስቀርም። ሌላው በረኪናው ራሱ ነው። ፀሐይና ሙቀት ያደክመዋል፤ የምንገዛው ጠርሙስ ላይ ደግሞ የክሎሪኑ መጠንም የተመረተበት ቀንም የለም። ታዲያ 16 ጠብታ የምን ያህል ክሎሪን ነው?

የበረኪናን ጥንካሬ በቀላል መንገድ እንዴት እንለካ? ጭቃው እንዲዘቅጥ የሽፈራው (ሞሪንጋ) ፍሬ ፈጭተን ጨምረን ብናጠልል፣ የሚተወው ቅሪት መልሶ ክሎሪኑን አይበላውም ወይ? ጠብታውን ዝም ብሎ መጨመር አንፈልግም፤ ሽታው ሲበረታ ልጆች ወዳልታከመው ውሃ ይመለሳሉ፣ የሚያሳስበንም ይኸው ነው። የሞከራችሁት ካለ መጠኑን ጭምር ጻፉልን፤ ጅማ ውስጥ መለኪያ ያላችሁም እባካችሁ አግዙን።