ለቤተሰብ ቪዲዮ የሚሆን በነፃ የተፈቀደ የክራር ወይም የማሲንቆ ቅጂ ፍለጋ

የእናቴን 70ኛ ዓመት ልደት ምክንያት በማድረግ ከድሮ ፎቶግራፎችና በስልክ ከተቀረጹ ምስሎች የ14 ደቂቃ ቪዲዮ አዘጋጅቻለሁ። በባሕር ማዶ ያሉ ልጆቿና የልጅ ልጆቿ እንዲያዩት በኢንተርኔት ስጭነው ግን፣ ከካሴት የወሰድኩት የትዝታ ዘፈን የባለመብት ጥያቄ ስለቀረበበት የቪዲዮው ድምፅ ሙሉ በሙሉ ተዘጋ። የባህል ዜማ የሕዝብ ቢሆንም የድምፅ ቅጂው በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለ50 ዓመት የተጠበቀ መሆኑን የተረዳሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ሕጉ ተገቢ ነው፣ የሙዚቀኛን ድካም ያለ ፈቃዱ መጠቀምም አልሻም።

በነፃ የሚሰጡ የሙዚቃ ስብስቦችን ስፈትሽ በብዛት ያገኘሁት ፒያኖና ጊታር ነው፤ እናቴ ቡና ስታፈላ ከሚያሳየው ምስል ጋር አይሄዱም። በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ (ባለሥራዎች ሥራቸውን ሌሎች በተወሰነ ቅድመ ሁኔታ በነፃ እንዲጠቀሙበት የሚፈቅዱበት) የተለቀቀ አንድ ደስ የሚል የማሲንቆ ቅጂ አግኝቼ ነበር፤ ይሁን እንጂ ፈቃዱ ሥራውን መለወጥ የሚከለክል በመሆኑና ሙዚቃን ከተንቀሳቃሽ ምስል ጋር ማቀናጀት እንደ ለውጥ ስለሚቆጠር ተውኩት። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ የሚረዝም፣ ቢቻል በትዝታ ቅኝት የተቃኘ ቅጂ ይበቃኛል፤ የተጫዋቹንም ስም በቪዲዮው መጨረሻ እጽፋለሁ።

የባለሙያውን ስም በመጥቀስ ብቻ በቪዲዮ ውስጥ መጠቀም የሚፈቀድ የክራር፣ የማሲንቆ ወይም የዋሽንት ቅጂ ከየት ማግኘት እችላለሁ?