ለአያቴ የዶሮ ወጥ ፊልም ካሜራ ልግዛ ወይስ ማይክሮፎን?

የሽሮ ሜዳ ልጅ (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ። የ22 ዓመት ወጣት ስሆን ከልጅነቴ ጀምሮ ልቤን የሚወስዱት ነገሮች አራት ናቸው፤ ስልክና ካሜራ፣ አለባበስ፣ ምግብ እና ፊልም። እነዚህን ለየብቻ ስወዳቸው ቆይቼ ዘንድሮ በአንድ ሥራ ላገናኛቸው ቆርጫለሁ። አያቴ በቀዳም ሥዑር የሚሠሩትን የዶሮ ወጥ፣ ከሽንኩርቱ መላጥ አንሥቶ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን መልስ እስከሚፈሰክበት ሰዓት ድረስ ቀርጬ ከ8 ደቂቃ የማይበልጥ አጭር ፊልም ልሠራበት እፈልጋለሁ። ፋሲካ ሊደርስ የቀረው ሦስት ሳምንት ብቻ ነው።

እማማ (በቤታችን ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንጠራቸው) 78 ዓመታቸው ነው። ዓምና ወጡን ያማሰሉት በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ በየመሐሉ ማማሰያውን ለእኅቴ እያቀበሉና እጃቸውን እያሳረፉ ነበር። አጠገባቸው ቆሜ ስመለከት ይህን ሙያ በእጃቸው ሳለ ካልያዝኩት በኋላ ከየትም እንደማላገኘው ገባኝ፤ የተነሣሁትም ለዚህ ነው።

ባለፈው እሑድ ሽሮ ሲሠሩ ለሙከራ በስልኬ ቀረጽኳቸው፤ ውጤቱ ግን አሳዘነኝ። ለዕለቱ በሰፈራችን ሸማኔ የተሠራ ነጭ የፈትል ቀሚስ እንዲለብሱልኝ ለምኛቸው ነበር። በቪዲዮው ላይ ቀሚሱ እንደ ወረቀት ነጥቶ ጥለቱ ጨርሶ ጠፍቷል፤ ይህን ለማስተካከል ስክሪኑን ስነካ ደግሞ ፊታቸው ጠቆረ። ወደ ምድጃው ባጎነበሱ ቁጥር ምስሉ በራሱ ይበራል፣ መልሶ ይደበዝዛል። በአምፖል ብርሃን የቀረጽኩት ክፍል ላይ የሚንቀሳቀሱ ጥቁር ሰንበሮች ይታያሉ። ድምፃቸውም ከጎረቤት ግቢ የሚመጣ ይመስላል።

ያጠራቀምኩት 40 ሺህ ብር አለኝ። በዚህ ገንዘብ አንድ ያገለገለ ካሜራ ከነሌንሱ መግዛት እችላለሁ፤ ወይም ስልኬን ይዤ ማይክሮፎን፣ ትራይፖድና አነስተኛ መብራት መግዛት እችላለሁ፤ ሁለቱንም ግን አልችልም። የትኛው ይሻለኛል? ነጩ ቀሚስስ ይቅር ወይስ የማዳንበት መንገድ አለ?

የሠርግ ቀራጭ፦

ወንድሜ፣ ላለፉት 11 ዓመታት ሠርግና ክርስትና ስቀርጽ ስለኖርኩ ነጭ ልብስ በጨለማ ቤት ውስጥ የሚያመጣውን ጣጣ በደንብ አውቀዋለሁ። ካሜራ በራሱ ሲለካ በፊቱ ያለውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ብርሃን ለማምጣት ይጥራል። ጓዳው ጨለማ ስለሆነ ምስሉን ሲያበራው ቀሚሱ ይቃጠላል፤ እማማ ጠጋ ብለው ነጩ ስክሪኑን ሲሞላው ደግሞ ሁሉንም ያጨልመዋል። ያየኸው መብራትና መደብዘዝ ይህ ነው፤ ውድ ካሜራም ቢሆን አውቶማቲክ ላይ ከተውከው ያንኑ ያደርጋል። ስለዚህ ፊታቸው ላይ ጣትህን ጥቂት ሰከንድ ተጭነህ ፎከሱንና ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚይዘውን የብርሃን መጠን) ቆልፍ፤ ከዚያም የጥለቱ ቀለም ቁልጭ ብሎ እስኪታይህ ድረስ የብርሃኑን መጠን ዝቅ አድርገው። ጥቂት የጨለመ ምስል በኤዲቲንግ ይነሣል፤ ተቃጥሎ የነጣ ቀሚስን ግን ማንም አይመልሰውም፤ የሚመለስ ነገር አልተቀረጸምና።

ሰንበሮቹን የሚያመጣቸው የመብራቱና የሹተሩ (ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) አለመግባባት ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ሄርዝ በመሆኑ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ ለዓይን አይታይም፣ ለካሜራ ግን ይታያል። ሹተርን በእጅ ለመቆጣጠር በሚፈቅድ አፕ በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል)፣ ሹተሩን ደግሞ 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ላይ አድርገህ ሞክረው፤ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ቀን ላይ አምፖሉን ማጥፋት ነው። የመስኮት ብርሃን 5,500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) ገደማ ሲሆን ቢጫ አምፖል ወደ 3,000 ይጠጋል፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ስልኩ የቱን ነጭ ብሎ እንደሚይዝ ይቸገርና ቁሌቱ አንዴ ቀይ፣ አንዴ ቡናማ ይሆንብሃል። ምድጃውን ከመስኮቱ አጠገብ አድርግ፤ በጨለማው በኩል ነጭ አንሶላ ግድግዳው ላይ ስቀል። ብርሃኑ ከአንሶላው ተመልሶ ፊታቸው ላይ ያርፋል፤ ሳንቲም አታወጣበትም። የድስቱን እንፋሎት ማሳየት ከፈለግህ መስኮቱ ከድስቱ በስተኋላ በሰያፍ ይሁን፤ ብርሃን ከኋላ ካልመታው እንፋሎት አይታይም።

ደግሞም ሌንሱን ጥረግ። ቅቤ በሚቁላላበት ቤት ስስ የቅባት ጭጋግ መስታወቱ ላይ ያርፍና መብራት ሁሉ ዙሪያው ብርሃን የተቀባ ይመስላል። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ኪስህ ውስጥ ይኑር፤ በየ15 ደቂቃው ጥረገው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ምክሬ ካሜራውን እንዳትገዛ ነው። ከነገርከን ችግሮች ውስጥ ካሜራ መግዛት የሚፈታው አንድም የለም፤ ድምፁን ግን ማይክሮፎን ብቻ ነው የሚፈታው።

የፊልም ተማሪ፦

ከላይ የተሰጠው ምክር ትክክል ነው፤ በአንድ ነጥብ ግን አልስማማም። ጠያቂው ሌሊቱንም መቅረጽ ይፈልጋል። ቤተሰቡ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ ጧፍ በርቶ ማዕድ ሲቆረስ፣ የስልክ ትንሽዬ ሴንሰር (ብርሃን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል) የሚሰበስበው ብርሃን እጅግ ጥቂት ነው፤ ምስሉ በነጠብጣብ ይሞላል፣ የእማማም ፊት ዝርዝሩን ያጣል። ትልቅ ሴንሰርና እስከ f/1.8 የሚከፈት (ቁጥሩ ባነሰ መጠን ብዙ ብርሃን ያስገባል) ሌንስ ያለው ካሜራ በዚያ ሰዓት ያለው ብልጫ ትንሽ አይደለም።

ይህን ስል ግን ስልክን ዝቅ አድርጌ አይደለም። አሜሪካዊው ዳይሬክተር ስቲቨን ሶደርበርግ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ለሲኒማ ያበቃውን አንሴን የተሰኘ ፊልም የቀረጸው በአይፎን 7 ፕላስ ነው። በምግብ በኩልም ጥሩ አብነት አለን፤ በ2007 ዓ.ም. በካን የፊልም ፌስቲቫል የታየው የዳይሬክተር ያሬድ ዘለቀ ላምብ የተሰኘ ፊልም ዋና ገጸ ባሕርይው ምግብ ማብሰል የሚወድ ልጅ ነው፤ የልጁ ማንነት በአብዛኛው የሚገለጥልን ምግብ ሲሠራ ነው። አንተም ስለ ወጡ አሠራር የሚያስተምር ቪዲዮ ሳይሆን ስለ እማማ የሚናገር ፊልም ነው የምትሠራው፤ ስለዚህ ካሜራው ከድስቱ ይልቅ ፊታቸው ላይ ይቆይ። ለሌሊቱ ካሜራ ከጓደኛ ተዋስ ወይም ለአንድ ቀን ተከራይ፤ መግዛት ግን የግድ አይደለም።

የጓዳ ሰው፦

ልጄ፣ እኔ ካሜራ አላውቅም፤ ወጡን ግን አውቀዋለሁ፤ ስለዚህ እኔ የምነግርህ የት መቆም እንዳለብህ ነው።

በቀዳም ሥዑር እማማ ጾመኛ ናቸው። 55 ቀን ጾመው በመጨረሻዋ ዕለት ቅቤና ሥጋ የገባበትን ወጥ ይሠራሉ፤ ሆኖም አንዲት ጠብታ አይቀምሱም። ቅመሙ መብቃቱን በማሽተት ነው የሚያውቁት፤ የቁሌቱን መብሰል ደግሞ በዓይናቸውና በጆሯቸው። ይህን አስተውለህ ታውቃለህ? ደቅቆ የተከተፈው ሽንኩርት ያለ ዘይት ደረቅ ድስት ላይ ሲገባ መጀመሪያ በራሱ ውኃ ይንተከተካል፤ ድምፁ ወፍራም ነው። ውኃው እያለቀ ሲሄድ እየቀጠነ ይመጣና መንጣጣት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ማማሰያው አያርፍም፣ ካረፈ ያርራል። ዘይትና በርበሬ ሲገባ ድምፁ ይታፈናል፤ ውኃ ጠብ ሲደረግበት ጭስስ ይላል፤ በመጨረሻ ቁሌቱ ዘይቱን ሲተፋ ድስቱ ረጋ ብሎ ፈቅ ፈቅ ይላል። ቅቤው የሚገባው፣ ብልቶቹም የሚከተሉት ከዚያ ነው። እኔ ከሌላ ክፍል ሆኜ ልጄ የምታቁላላው የት እንደደረሰ የማውቀው በዚህ ድምፅ ነው። ስለዚህ ድምፁን ካልያዝክ ወጡን አልያዝከውም። ሌላ ዕቃ ባትገዛ ማይክሮፎኑን ግዛ።

ዶሮው ሲበለትም እንዳያመልጥህ። አሥራ ሁለቱ ብልት በቢላ ጫፍ መገጣጠሚያው እየተፈለገ ሲለያይ፣ ፈረሰኛው ሳይሰበር፣ መላላጫው ሳይቀደድ ሲወጣ የሚታየው የእጅ ሙያ ነው። በሎሚና በጨው የሚታጠብበት ውኃ እስኪጠራ ስንት ጊዜ እንደተቀየረ ቁጠርላቸው።

አሁን ወደ ልብሱ ልምጣ፤ ይህን በግልጽ መናገር አለብኝ። በነጭ የፈትል ቀሚስ ቁሌት የሚያቁላላ የለም። በርበሬ ቢፈናጠር ከፈትል አይለቅም፤ እማማም ቀሚሳቸውን እየጠበቁ እጃቸው እንደ ልብ አይሠራም፤ ያ ደግሞ በፊልምህ ላይ ይታያል። የቤት ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው፣ ሻሻቸውን አስረው ይሥሩ። ይህም አለባበስ ነው፤ መቀነቱ ወገብ የሚይዘው ለጌጥ ብቻ አይደለም። ነጩ ቀሚስ የሚያምረው ማታ ሠርተው ጨርሰው፣ ታጥበው ለቤተ ክርስቲያን ሲነሡ ነው። ያን ጊዜ ነጠላቸውን መስቀለኛ ሲያጣፉ ቅረጻቸው። ለምስል ያምራል ብለህ ግን ጥለቱን ወደ ላይ፣ ወደ ፊታቸው እንዳታደርገው፤ ነጠላ አዘቅዝቆ መልበስ የኀዘን ነው፤ በትንሣኤ ሌሊት እንደዚያ ለብሰው የሚያያቸው ሰው ይደነግጣል።

ከሜሪላንድ፦

እኔ ፊልም ሠሪ አይደለሁም፤ ጥያቄውን ሳነብ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። እናቴ እዚህ እኔ ጋ በነበሩበት ወቅት ዶሮ ወጥ ሲሠሩ ከ40 ደቂቃ በላይ ቀርጬአቸዋለሁ። ምስሉ ጥሩ ነው፤ የጣታቸው ቀለበት ሳይቀር ይታያል። ነገር ግን የምድጃውን አየር ማውጫ አብርቼው ስለነበር ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሰማው የእሱ ጉምታ ነው። በአንድ ቦታ ላይ እናቴ ወደ እኔ ዞረው፣ ፈገግ ብለው ረዘም ያለ ነገር ይነግሩኛል፤ እኔም ከካሜራው ጀርባ ስስቅ ሰውነቴ ሲንቀጠቀጥ ምስሉ ይንቀሳቀሳል። የተናገሩትን ብዙ ጊዜ አዳምጬ ላወጣው አልቻልኩም። እሳቸው ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል።

ወንድሜ፣ ማቀዝቀዣውን ንቀል፣ ሬዲዮውን አስጠፋ፣ ጎረቤትህንም ለሁለት ሰዓት ያህል ለምን። ስንት በርበሬ እንደሚጨምሩ ስትጠይቃቸው እስኪበቃው ይሉሃል፤ ያን ጊዜ እፍኛቸውን እንዲያሳዩህ ጠይቅና እጃቸውን ቀርበህ ቅረጽ።

የሽሮ ሜዳ ልጅ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በተለይ የሜሪላንዱን መልስ ካነበብኩ በኋላ ካሜራውን የማስብበት ምክንያት አላገኘሁም። ለእናትህ ነፍስ ይማር።

ትናንት ገመድ አልባ ማይክሮፎን፣ ትራይፖድና አንድ ፓወር ባንክ ገዛሁ፤ የተረፈውን ለሌሊቱ ካሜራ ኪራይ አስቀምጫለሁ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ እማማ ምስር ሲሠሩ ሁለተኛ ሙከራ አደረግሁ። አምፖሉን አጠፋሁ፣ ምድጃውን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁ፣ በጨለማው በኩል አንሶላ ሰቀልኩ። የቤት ቀሚሳቸውን ለብሰው ነው የሠሩት፤ እውነትም እጃቸው ባለፈው እሑድ ካየሁት በጣም ይፈጥናል። ሽንኩርቱም ሲንተከተክ ቆይቶ መንጣጣት ሲጀምር እማማ ፊታቸውን ወደ እኔ ሳያዞሩ እጃቸውን ወደ ማማሰያው ሲሰዱ በቪዲዮው ላይ ይታያል፤ ድምፁ ተቀየረ፣ እጃቸው ተነሣ። 22 ዓመት አብሬያቸው ኖሬ ይህን አላስተዋልኩም ነበር።

ሌላም ነገር ሰማሁ። ማይክሮፎኑ ደረታቸው ላይ ስለነበር፣ ሲያማስሉ በሹክሹክታ ዳዊት እንደሚደግሙ ተይዟል። በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆሜ ምንም አልተሰማኝም ነበር። ሲጨርሱ ስለዚህ ጠየቅኳቸው፤ ሰው የሚሰማቸው አልመሰላቸውምና አፈሩ፤ ይህን ክፍል በፊልሙ ውስጥ ላስገባው ወይስ አላስገባው እሳቸው ይወስኑ ብዬ ትቼዋለሁ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ማይክሮፎኑን ነጠላቸው ላይ ስሰካው ኮሽታ ይበዛል፤ የት ቢሰካ ይሻላል?

የሠርግ ቀራጭ፦

ነጠላ በተንቀሳቀሱ ቁጥር ማይክሮፎኑን ስለሚያሸው ኮሽታው አይቀርም። ቀሚሳቸው ላይ፣ ከአገጫቸው አንድ ስንዝር ዝቅ አድርገህ ስካው፤ ነጠላውን የሚያጣፉ ከሆነም ጫፉ በማይደርስበት በኩል ይሁን። ዳዊቱን በተመለከተ እሳቸው እስኪወስኑ ድረስ ፋይሉን በሁለት ቦታ ገልብጠህ አስቀምጥ።