የጠረፍ ሠራተኛ አድማ ይምታ ወይስ አይምታ?

አስተባባሪ፦ የሳምንቱ ጥያቄ፦ የኤርፖርት ኢሚግሬሽን ሠራተኛ ሥራ የማቆም መብት ይኑረው? መነሻችን እንግሊዝ ናት። የጠረፍ ሠራተኞቿ እ.ኤ.አ. በ2022 የገና ሰሞን ሂትሮውንና ሌሎች ኤርፖርቶችን፣ በ2024 ደግሞ ሂትሮውን ለ4 ቀን አድማ መተውባቸዋል። ከሐዋሳ ለንደን የሚመላለስ ስለማይጠፋ እንከራከርበት። ስድብ የለም።

ታቦር ሥር፦ አይኑረው። ሒሳቡን ሥሩት። አንድ ተሳፋሪ 2 ደቂቃ ቢወስድ 12 መስኮት በሰዓት 360 ሰው ያሳልፋል፤ 4 ብቻ ሲከፈት 120። ሁለት ትልልቅ አውሮፕላኖች 600 ሰው ካወረዱ የመጨረሻው ሰው 5 ሰዓት ይቆማል። አዳራሹ ሲሞላ ደግሞ ቀጣዩ አውሮፕላን ሰው እንዳያወርድ ይደረጋል። እሱ ቦታ ስለያዘ ከኋላው ያረፈው መቆሚያ ያጣል፣ መልሶ የሚነሳበትም ሰዓት ይዛነፋል። ፋብሪካ ሲቆም ባለቤቱ ይከስራል፤ እዚህ ግን የሚቀጣው ሕፃን ታቅፋ የቆመችው እናት ናት።

አሞራ ገደል፦ ስሌትህ ልክ ነው፣ የሆነው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30 ቀን 2011 በጡረታ ጉዳይ አድማ ሲመታ ሂትሮው እስከ 12 ሰዓት መጉላላት ሊኖር ይችላል ብሎ ነበር። ቀኑ ሲደርስ ሰልፉ በደህና አለፈ። አየር መንገዶች ቀን አስቀየሩ፣ መንግሥት ከሌላ መሥሪያ ቤት ሰው አመጣ። በ2022ም ወታደር መስኮት ላይ ተቀመጠ። ታዲያ የቱ ሕዝብ ታገተ?

ታቦር ሥር፦ የጥቂት ቀን ሥልጠና የወሰደ ወታደር ፎርጅድ ቪዛ ይለያል? ሰልፉ ያጠረው ቁጥጥሩ ስለሳሳ ቢሆንስ?

አሞራ ገደል፦ ይህንኑ ነው የሠራተኛ ማኅበሩም ያለው! ሥራው በቀላሉ የማይተካ ከሆነ ደመወዙም እንደዚያው ይሁን።

ቲኬት ቢሮ፦ ወንድሞቼ፣ ሁለታችሁም የማን ሰልፍ እንደሆነ አላነሳችሁም። ኢ-ጌት (ፓስፖርት አንብቦ ራሱ የሚከፈት በር) አድማ አይመታም። እሱ ግን የሚከፈተው ለእንግሊዝ፣ ለአውሮፓ ኅብረት፣ ለአሜሪካ፣ ለካናዳ፣ ለአውስትራሊያ፣ ለጃፓንና ለመሳሰሉት ፓስፖርቶች ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ የግድ ሰው ፊት ይቀርባል። ስለዚህ «ሰልፉ በደህና አለፈ» የሚለው አማካይ ስለኛ መስመር ምንም አይነግረንም።

ለሚጓዝ ደግሞ፦ ከለንደን መውጫ ላይ የኢሚግሬሽን መስኮት የለም፤ ሰነዱን የሚያየው አየር መንገዱ ነው። አድማው መመለሻችሁን የሚነካው አውሮፕላኑ ዘግይቶ ከገባ ብቻ ነው። ቦሌ ግን ሲወጡም ማኅተም አለ፤ እዚያ ቢሆን በሁለቱም በኩል ይመታ ነበር። በሂትሮው አልፋችሁ ወደ ሌላ አገር የምትሄዱ ቲኬታችሁ አንድ ከሆነ፣ ሻንጣውም እስከ መጨረሻው ከተላከ፣ ጠረፉን ሳትሻገሩ ታልፋላችሁ (የትራንዚት ቪዛው እንዳይረሳ)። ሁለት የተለያየ ቲኬት የቆረጠ ግን ሻንጣ ለማንሳት ሰልፉ ውስጥ ይገባል፤ በረራው ካመለጠውም ኪሳራው የራሱ ነው። የቦሌ–ሐዋሳ በረራም እንደዚሁ ነው፤ ለብቻው ከተቆረጠና ከለንደን ዘግይታችሁ ከገባችሁ ቀሪው 275 ኪሎ ሜትር በመኪና ነው።

ፍቅር ሐይቅ፦ ካሳስ አይከፈልም?

ቲኬት ቢሮ፦ ጥሬ ገንዘቡን እርሺው። የጠረፍ ሠራተኛ አድማ ከአየር መንገዱ አቅም ውጭ ነው ተብሎ ይታለፋል። ምግብና ሆቴል ግን በእንግሊዝ ሕግ የአየር መንገዱ ግዴታ ነው፤ ያም ከእንግሊዝ ለሚነሳ በረራ። ከአዲስ አበባ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚሄድ በዚያ ሕግ አይሸፈንም። ኢንሹራንስም አድማው ከመታወጁ በፊት ካልተገዛ አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም።

የሕግ ሰው፦ ወደ ጥያቄው ልመልሳችሁ። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 42 ሥራ ማቆምን ጨምሮ ቅሬታን የመግለጽ መብት ይሰጣል። የትኛው የመንግሥት ሠራተኛ እንደሚጠቀምበት ግን በሕግ ይወሰናል ብሎ ተወው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛን አይመለከትም፤ አየር ማመላለሻንም እጅግ አስፈላጊ ከሚላቸው አገልግሎቶች መድቦ አድማ ይከለክላል። በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ሥራ ሲያቆሙ ከመካከላቸው የታሰሩ ነበሩ። መብት አለ ተብሎ መንገዱ ሲዘጋ ሰው ያለ ማስታወቂያ ይወጣል፤ ለተሳፋሪ የከፋው ደግሞ ድንገተኛው ነው። የእንግሊዝ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 በነበረው ሕግ የ14 ቀን ማስታወቂያ መስጠት ነበረበት። በ14 ቀን ውስጥ ቀን መቀየር ይቻላል።

ታቦር ሥር፦ ማስታወቂያውን ልቀበል። ግን ዝቅተኛ የመስኮት ቁጥር ይደንገግ፤ በተለይ ኢ-ጌት ለማይከፈትለት።

አሞራ ገደል፦ ቁጥሩን ማን ያወጣዋል? እንግሊዝ በ2023 እንዲህ ያለ ሕግ አውጥታ ነበር። የጠረፉ ደንብ አገልግሎቱ አድማ ከሌለበት ቀን እንዳያንስ ይል ነበር። እንዲህ ከሆነ አድማ ተብሎ የሚቀረው ምኑ ነው?

ታቦር ሥር፦ ስሙ ብቻ ይቀራል። እኔም ያንን ነው የምፈልገው 😄